የባንዱ ኖታ በማን እጅ ተጻፈ? ስለ ሜሪ ሉ ዊሊያምስ

ጥያቄው፦ «ሰላም ጋሼ። 19 ዓመቴ ነው፤ ፒያኖ እማራለሁ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች ‹በጃዝ ውስጥ ሴት ማለት ዘፋኝ ማለት ነው፤ ሙዚቃውን የሠሩት ወንዶች ናቸው› እያሉ ይከራከሩኛል። ከእማሆይ ጽጌ ማርያም ሌላ የምጠራው ስም አጣሁ። እውነት የለችም? ካለችስ ምን አዲስ ነገር አመጣች? ከየትኛው ሥራዋ ልጀምር?»

መልስ፦

እህቴ፣ አለች። እንዲያውም ብዙ ናቸው። ግን አሥራ አምስት ስም ደርድሬ ብልክልሽ ነገ አንዱም ጭንቅላትሽ ውስጥ አይኖርም። ስለዚህ አንዷን ብቻ ይዤ ቁጭ ልበል። ስሟ ሜሪ ሉ ዊሊያምስ ይባላል፤ ጥቁር አሜሪካዊት ፒያኒስትና አቀናባሪ ናት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ እማሆይን ከክርክሩ እናውጣቸው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፒያኖ ማንንም የማይመስሉ ሰው ነበሩ። ጃዝ ተጫዋች ግን አልነበሩም። የተማሩት ክላሲካል ነው፤ የጻፉት ደግሞ የራሳቸውን ዜማ ነው። ውጭ አገር ሲዲያቸው ከኢትዮ ጃዝ ጎን ስለሚደረደር ነው ነገሩ የሚምታታው። ለዚህ ክርክር እሳቸውን ከጠራሽ ልጆቹ ይረቱሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጓደኞችሽ የሚሳሳቱት የት ላይ መሰለሽ? ጃዝን የሚያዩት ከፊት ነው። ማን ማይክ ያዘ፣ ማን ሶሎ ነፋ። በ1930ዎቹ ግን ጃዝ ማለት ትልቅ ባንድ ማለት ነበር። አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት ሰው መድረክ ላይ ይቀመጣል። ይህ ሁሉ ሰው እንደፈቀደው ቢነፋ ገበያ ነው የሚሆነው። ሳክስፎኖቹ መቼ እንደሚገቡ፣ ትራምፔቶቹ ምን ብለው እንደሚመልሱላቸው፣ ፒያኖው የት ላይ ዝም እንደሚል አስቀድሞ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። አቀናባሪ። እኛም አገር ቢሆን የካሴት ልባስ ላይ «ቅንብር» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ያለውን ስም ስንቱ ሰው አንብቦ ያውቃል? እኔ ራሴ አንድ ትልቅ ዝግጅት ላይ ሙሉውን ሙዚቃ አቀናብሬ፣ መድረክ መሪው መብራት የዘረጋውን ልጅ ሳይቀር አመስግኖ እኔን ረስቶኛል። ቂም አልያዝኩም። ትንሽ ብቻ ይዣለሁ።

ሜሪ ሉ የተቀመጠችው እዚያ ማንም በማያየው ወንበር ላይ ነው። ጎበዝ ፒያኖ ተጫዋች ነበረች፤ እሱን ጆሮሽ ራሱ ይነግርሻል። ፈር ቀዳጅ የምላት ግን በዚህ አይደለም። ወንዶቹ የሚነፉትን ነገር እሷ ትጽፈው ስለነበረ ነው።

የተወለደችው ሜይ 8 ቀን 1910 አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ፣ አትላንታ ነው። የልጅነት ስሟ ሜሪ ኤልፍሪዳ ስክረግስ ይባላል። እናቷ በእግር እየተረገጠ የሚነፋ ኦርጋን ትጫወት ነበር። አንድ ቀን ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስትጫወት፣ ትንሿ ልጅ እጇን ዘርግታ የሰማችውን መልሳ ተጫወተችው። ገና ሦስት ዓመት ገደማ ነበረች። እናትየው ከድንጋጤዋ የተነሣ ልጂቱን ከጭኗ ጣለቻትና ጎረቤት ልትጠራ ሮጠች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው እኔን የሚገርመኝ። እናትየው አስተማሪ አልቀጠረችላትም። ራሷ ኖታ ከተማረች በኋላ ያለ ወረቀት መጫወት አቅቷት ነበር። ልጇም እንደዚያ እንድትሆን አልፈለገችም። በአስተማሪ ፈንታ ሙዚቀኞችን ቤቷ እየጠራች ልጂቱ እንድትሰማቸው ታደርግ ነበር። ለአንቺ ይህንን ምክር አልሰጥሽም፤ ኖታሽን ተማሪ። ግን ጆሮዋ ከጣቷ በፊት መሠልጠኑን ልብ በይ።

ቤተሰቡ ብዙም ሳይቆይ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፒትስበርግ ተዛወረ። ኢስት ሊበርቲ የሚባል ሰፈር ገቡ። ነጭ ጎረቤቶቻቸው ቤታቸው ላይ ጡብ ይወረውሩ ነበር። ልጂቱ በየቤቱ እየተጠራች ፒያኖ መጫወት ስትጀምር ነው ውርወራው የቆመው። ሰፈሩ «የኢስት ሊበርቲ ትንሿ የፒያኖ ልጅ» ይላት ጀመር። ከአሜሪካ ባለጸጋዎች መካከል የሚቆጠረው የሜሎን ቤተሰብ ሳይቀር ለግብዣ ያስጠራት ነበር።

እንጀራ አባቷ ፍሌቸር በርሊ ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ቁማር ይወዳል። ልጂቱን ትልቅ ካፖርቱ ውስጥ ሸሽጎ ቁማር ቤት ይዟት ይገባል፤ ፒያኖው ላይ ያስቀምጣታል። ከዚያ ኮፍያውን ያዞራል። መጀመሪያ ራሱ አንድ ዶላር ጣል ያደርጋል፣ ሌላው እንዲያፍር። ሲወጡ ኮፍያው ሞልቷል። ያቺን አንድ ዶላሩን ግን መልሶ ይቀበላታል። እኔ ይህን ሰውዬ እወደዋለሁ።

አሁን አንድ ቦታ ላይ ቆም ልበል። ከሕይወቷ ሁሉ ለአንቺ የሚጠቅመው ይህ ነውና።

ልጅ ሆና ፒትስበርግ ውስጥ አንድ ቲያትር ቤት ወሰዷት። ከመድረኩ ሥር ያለውን ኦርኬስትራ የምትመራው ሴት ነበረች። ላቪ ኦስቲን ትባላለች፤ በ1920ዎቹ ቺካጎ ውስጥ ከብሉዝ ዘፋኞች ጋር ብዙ ሪከርድ የሠራች ፒያኒስት ናት። ሜሪ ሉ ያየችውን ካደገች በኋላ ደጋግማ ተርካዋለች። ሴትየዋ እግሯን አጣምራ ተቀምጣለች። ሲጋራ አፏ ላይ አለ። በግራ እጇ ፒያኖውን ትጫወታለች። በቀኝ እጇ ቀጥሎ ለሚወጣው ትርኢት ኖታ እየጻፈች ነው። ልጂቱ ይህንን አይታ «እኔም አንድ ቀን እንደዚህ አደርጋለሁ» አለች። ከዓመታት በኋላ በየከተማው ስትዞር፣ በአንድ እጇ እየተጫወተች በሌላው ቅንብር ስትጽፍ መገኘቷን ራሷ ትናገራለች።

እንግዲህ አስቢው። እዚያ ቀን ያየችው ወንድ ቢሆን ኖሮ መደነቋ አይቀርም ነበር። ግን «እኔም» ትል ነበር? እርግጠኛ አይደለሁም።

በአሥራዎቹ ዕድሜዋ መጀመሪያ ላይ ከተጓዥ ትርኢት ጋር መንገድ ወጣች። ሃያ ሳይሞላት ጆን ዊሊያምስ የሚባል ሳክስፎኒስት አገባች፤ ዊሊያምስ የሚለው ስም ከእሱ ነው። እሱ ኦክላሆማ ውስጥ አንድ ባንድ ገባ። ባንዱን በ1929 አንዲ ከርክ ተረከበውና «ትዌልቭ ክላውድስ ኦፍ ጆይ» ተባለ። አሥራ ሁለቱ የደስታ ደመናዎች እንደማለት ነው። ሜሪ ሉ ግን የባንዱ አባል አልነበረችም። የተጫዋች ሚስት ነበረች። መኪና ትነዳላቸዋለች። አንዳንዴ ፒያኖ ላይ ታግዛለች። ሥራ ሲጠፋ ደግሞ ለቀብር አስፈጻሚ እየሠራች ሬሳ ታመላልስ ነበር። አዎ፣ ሬሳ።

ከዚያ ዕድል መጣ። ባንዱ ለሪከርድ ኩባንያ ሰዎች በሚታይበት ቀን ፒያኒስቱ ሳይመጣ ቀረ። እሷ ተተካች። ሰዎቹ ልባቸው የቀረው እሷ ጋር ነው። በ1930 ቺካጎ ውስጥ ብቻዋን ሁለት ሙዚቃ ቀረጹላት፤ «ናይት ላይፍ» እና «ድራግ ኤም»። ስሟ ላይ «ሉ» የምትለዋን የጨመረላትም የኩባንያው ሰው ጃክ ካፕ ነው። ብዙም ሳይቆይ የባንዱ ቋሚ ፒያኒስት ሆነች።

ቅንብሩስ? እዚህ ላይ ሳቅ አለበት። ጭንቅላቷ ውስጥ ሙሉ ባንድ ይሰማታል፤ ወረቀት ላይ ማስፈር ግን አታውቅም። መጀመሪያ አካባቢ እሷ ስትነግረው ከርክ ይጽፍላታል። እየቆየ ግን የዘገየባት እሱ ሆነ። ስለዚህ ኖታ አጻጻፉን ከእሱ ተማረችና ብዕሩን ነጠቀችው። ከዚያ ወዲህ ያ ባንድ የሚታወቅበት ድምፅ በአብዛኛው ከእሷ እጅ የወጣ ነው።

ባንዱ የተቀመጠው ካንሳስ ሲቲ ነበር። ከተማዋን የሚያሾራት ቶም ፔንደርጋስት የሚባል ፖለቲከኛ ነው። መጠጥ በሕግ በተከለከለበት ዘመን እዚያ አልተከለከለም። አገሩ ሁሉ በኢኮኖሚ ቀውስ ሲራብ እዚያ ክለቦቹ እስኪነጋ ክፍት ናቸው። ሙዚቀኛ ሥራ ያገኛል። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ እርስ በርስ ይጋጠማል፤ ጃም ሴሽን የምንለው ነገር እዚያ ስፖርት ነበር።

አንዱ ግጥሚያ ተረት ሆኖ ቀርቷል። ኮልማን ሆኪንስ፣ የቴነር ሳክስፎን ንጉሥ፣ ከኒው ዮርክ መጥቶ ከተማው ውስጥ ነበር። የከተማው ቴነር ነፊዎች ሌስተር ያንግ፣ ቤን ዌብስተርና ሄርሼል ኢቫንስ ሌሊቱን ሙሉ ያዙት። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ቤን ዌብስተር የሜሪ ሉን መስኮት ያንኳኳል። ፒያኖ ተጫዋቾቹ ሁሉ ደክመዋል፤ ነፊዎቹ ግን አላለቁም፤ ተነሺልን ይላታል። ተነሥታ ሄደች። ታሪኩን የምናውቀው በዋናነት ከእሷ አፍ ነው። እና የከተማው ጉልበተኞች በሙሉ ሲጋጠሙ «ማን ይከተለን?» ብለው የቀሰቀሱት ማንን እንደሆነ ለጓደኞችሽ ንገሪያቸው።

ቅንብር ውስጥ ምን እንዳደረገች በአንድ ምሳሌ ላሳይሽ። በ1936 የተቀረጸውን «ዎኪን ኤንድ ስዊንጊን» ፈልጊ። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አንድ ቦታ ላይ ሳክስፎኖቹ እንደ አንድ ሰው እየተቀባበሉ ረጅም ዜማ ይነፋሉ። ግን ድምፁ የሳክስፎን ብቻ አይደለም። ውስጡ ስለት አለው። ለምን? ለምትፈልገው ኮርድ፣ አብረው ለሚሰሙት ድምፆች ማለት ነው፣ አራት ድምፅ ያስፈልጋት ነበር፤ የሳክስፎኖቹ ቁጥር አልበቃትም። ሌላ ሰው ቢሆን ከኮርዱ አንድ ድምፅ ቀንሶ ያልፍ ነበር። እሷ አንዱን ትራምፔት ከጓደኞቹ ለይታ ከሳክስፎኖቹ ጋር አስቀመጠችው። በጊዜው ትራምፔት ከትራምፔት፣ ሳክስፎን ከሳክስፎን ጋር ነበር የሚጻፈው። ሁለቱ ቤተሰብ የሚነጋገረው ፊት ለፊት ቆሞ ነው። እሷ አጋባቻቸው።

እኔ ይህችን ዘዴ ወጣት ሆኜ ሰርቄያለሁ። አንድ ሆቴል ውስጥ የምንጫወት ስድስት ሰዎች ነበርን፤ ሁለት ሳክስፎን፣ አንድ ትራምፔት። ትራምፔቱን ሁልጊዜ ከላይ እንዲጮህ ነበር የምጽፍለት። ይህንን ሪከርድ ከሰማሁ በኋላ ወደ ሁለቱ ሳክስፎኖች መካከል አወረድኩት። በማግሥቱ አስተናጋጁ «ሰው ጨመራችሁ እንዴ?» አለኝ። ከደመወዜ የበለጠ አስደሰተኝ።

እዚያው ሙዚቃ ውስጥ የምታልፍ አንዲት አጭር ሐረግ አለች። ከዓመታት በኋላ ፒያኒስቱ ቴሎኒየስ ሞንክ «ሪዝም ኤ ኒንግ» ብሎ የጻፈውን ዜማ ስትሰሚ ያቺን ሐረግ ታገኛታለሽ። ዛሬ በየጃም ሴሽኑ ሁሉም ሰው የሚጫወታት የሞንክ ተብላ ነው። ሁለቱን አከታትለሽ ስሚና ራስሽ ፍረጂ።

ስሟ ከወጣ በኋላ ትልልቆቹ ባንዶች ቅንብር ያዝዟት ጀመር። ሉዊስ አርምስትሮንግ፣ ኧርል ሃይንስ፣ ቶሚ ዶርሲ። ለቤኒ ጉድማን በ1937 «ሮል ኤም» የተባለውን ጻፈችለት። ቡጊ ውጊ ማለት ግራ እጅ በአንድ ባር ውስጥ ስምንት ምት እየረገጠ የሚሄድበት የፒያኖ አጨዋወት ነው። እሷ ያንን የአንድ ሰው ግራ እጅ ወስዳ ለሙሉ ባንድ በተነችው። ጉድማን ለእሱ ብቻ እንድትጽፍ ሊያስፈርማት ፈልጎ ነበር። እምቢ አለች። ለሁሉም እየጻፉ መኖርን መረጠች።

ጋዜጠኞቹ ግን ሲያመሰግኗት ምን ይሉ ነበር? «እንደ ወንድ ትጫወታለች።» ሙገሳ መሆኑ ነው። ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ጠንካራ ሴት ስናይ «ወንድ ናት!» እንላለን እኮ። እኔም ብያለሁ። ግን ነገሩን ገልብጠሽ እዪው። የጉድማን ባንድ «ሮል ኤም»ን ሲነፋ፣ አንዱም ነፊ እንደ ሴት እየነፋ እንደሆነ የጻፈ የለም።

በ1942 ከርክን ተለይታ ወጣች። ከትራምፔት ተጫዋቹ ሾርቲ ቤከር ጋር ተጋባች፤ እሱ ወደ ዱክ ኤሊንግተን ባንድ ሲገባ እሷም ለኤሊንግተን ጥቂት ጻፈች። ትዳሩ አልቆየም። እሱን እንለፈው።

የሚበልጠው ቀጥሎ የመጣው ነው። ኒው ዮርክ ገባች። ግሪንዊች ቪሌጅ ውስጥ ካፌ ሶሳይቲ የሚባል፣ ጥቁርና ነጭ በአንድ ጠረጴዛ የሚቀመጥበት ክለብ ውስጥ ትጫወታለች። ቤቷ ሃርለም፣ ሃሚልተን ቴራስ ቁጥር 63 ነው። ያኔ ቢቦፕ ገና እየተፈለፈለ ነበር። ፈጣን፣ ጠማማ፣ ለዳንስ የማይመች ሙዚቃ። የእሷ ትውልድ ሰዎች አብዛኞቹ አፍንጫቸውን ነፉበት። እሷ በሩን ከፈተች። ሥራ ሲያልቅ ንጋት ላይ ሞንክ፣ ባድ ፓወል፣ ታድ ዳመሮን፣ ትራምፔት ተጫዋቹ ዲዚ ጊለስፒ ቤቷ ይሰበሰባሉ። አዲስ የጻፉትን ያመጡላታል። ወለሉ ላይ ተቀምጠው ተራ በተራ ፒያኖው ላይ ይወጣሉ። ሞንክን እንዲያውም ከዚያ በፊት ታውቀዋለች፤ ገና ልጅ ሆኖ ከአንዲት ተጓዥ ሰባኪ ጋር እየዞረ ካንሳስ ሲቲ ሲመጣ ሰምታዋለች።

እነዚህ ልጆች በሰባት ዓመትና ከዚያም በላይ ያንሷታል። እሷ ስም ያላት ሰው ናት። ስንት ባለስም ሙዚቀኛ ታውቂያለሽ ወጣት ሲመጣበት «እኛ በእኛ ጊዜ» የማይል? እሷ ከእነሱም ተማረች። በ1949 ለጊለስፒ ባንድ «ኢን ዘ ላንድ ኦፍ ኡብላዲ» የተባለ ቀልደኛ ቢቦፕ ከጓደኛዋ ከሚልት ኦረንት ጋር ጻፈችለት።

የዚያ ዘመን ትልቁ ሥራዋ ግን «ዞዲያክ ስዊት» ነው። በአሥራ ሁለቱ ከዋክብት ስም የተጻፉ አሥራ ሁለት ሙዚቃዎች። ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ እያለ የሚሄደው፣ ከአውደ ነገሥት የምናውቀው ቆጠራ ማለት ነው። እያንዳንዱን በዚያ ኮከብ ለተወለዱ ሙዚቀኛ ወዳጆቿ ጻፈችው። ራሷ ሰውር ናት። ሚዛን ሞንክንና ጊለስፒን ያጠቃልላል። ሬዲዮ ላይ ሳምንታዊ ፕሮግራም ነበራትና እየጻፈች እዚያ ታሰማው ነበር። በ1945 በፒያኖ፣ ባስና ድራም ተቀረጸ። በዚያው ዓመት የመጨረሻ ቀናት ታውን ሆል በሚባለው አዳራሽ ከአነስተኛ ኦርኬስትራ ጋር አቀረበችው። በ1946 ደግሞ ከክፍሎቹ ሦስቱን ካርኔጊ ሆል ከትልቅ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር ተጫወተች። ጃዝ ያኔ የጭፈራ ቤት ሙዚቃ ነበር የሚባለው። ወንዶችም ቢሆኑ ይህን የሞከሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ሁሉም ክፍል እኩል ያማረ ነው አልልሽም። አንዳንዱ ሳያልቅ የተቆረጠ ይመስላል። «ሚዛን»ን ግን ማታ፣ መብራት አጥፍተሽ ስሚው። ብዙ ቦታ ላይ ምንም የሚሆን ነገር የለም። እዚያ ነው የሚያምረው።

በ1952 ወደ እንግሊዝ ሄደች። ለአጭር ጊዜ ያለችው ሁለት ዓመት ሆነ። በ1954 ፓሪስ ውስጥ አንድ ክለብ እየተጫወተች ሳለ ተነሥታ ወጣች። ተወችው። በቃ። ከዚያ ሦስት ዓመት ያህል መድረክ የለም። አሜሪካ ተመልሳ የጸሎት ሰው ሆነች። የሚያውቋት ሙዚቀኞች በሄሮይን ይረግፉ ነበር፤ ሳክስፎኒስቱ ቻርሊ ፓርከር በ1955 በ34 ዓመቱ ሞተ። ቤቷን ለታመሙና ሱስ ለያዛቸው ሙዚቀኞች ከፈተች። ታበላቸዋለች፣ ታስተኛቸዋለች፣ አብራቸው ትጸልያለች። በኋላ ለዚሁ ሥራ ቤል ካንቶ የሚባል ድርጅት አቋቋመች፤ ገንዘብ ለማግኘት አሮጌ ልብስና ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ከፈተች። ብዙ ገቢ አላመጣም።

በ1957 የካቶሊክ ጥምቀት ተጠመቀች፤ አብራት የተጠመቀችው የዲዚ ጊለስፒ ሚስት ሎሬን ናት። ወደ ሙዚቃው ላለመመለስ አስባ ነበር። የመለሷት ቄሶቹና ጊለስፒ ናቸው። መጫወትሽን እንደ ጸሎት አቅርቢው አሏት። በዚያው ዓመት ጁላይ ኒውፖርት ፌስቲቫል ላይ ከጊለስፒ ትልቅ ባንድ ጋር ወጥታ ከ«ዞዲያክ ስዊት» ተጫወተች።

ጎግል ላይ «ኤ ግሬት ዴይ ኢን ሃርለም» የሚለውን ፎቶ ፈልጊ። በ1958 አርት ኬን ሃርለም ውስጥ አንድ ቤት ደረጃ ላይ ያነሣው ነው። 57 የጃዝ ሙዚቀኞች። ሴቶቹ ሦስት ብቻ ናቸው፦ ዘፋኟ ማክሲን ሱሊቫን፣ ፒያኒስቷ ማሪያን ማክፓርትላንድ እና ሜሪ ሉ። ከሦስቱ ሁለቱ መሣሪያ ተጫዋች ናቸው፤ ለጓደኞችሽ ይህንንም አሳዪአቸው።

ከዚያ በኋላ የጻፈችው አብዛኛው ለቤተ ክርስቲያን ነው። ፔሩ ውስጥ የኖረው ማርቲን ደ ፖረስ፣ ከጥቁር እናት የተወለደው መነኩሴ፣ በ1962 ቅዱስ ተብሎ ታወጀ። በዚያው ዓመት መዝሙር ጻፈችለት፤ አልበሙ «ብላክ ክራይስት ኦፍ ዘ አንዲስ» ይባላል። መዘምራኑ ያለ መሣሪያ ይጀምራሉ፤ ድምፃቸው ተደራርቦ እንደ ጢስ ይወጣል፤ ፒያኖዋ ዘግይቶ ይገባል። ሪከርድ የምታወጣበትን የራሷን ኩባንያም አቋቁማ ነበር፤ ሜሪ ሪከርድስ።

ቀጥሎ ሦስት ቅዳሴዎች ጻፈች። ሦስተኛው «ሜሪ ሉስ ማስ» በሚል ስም ይታወቃል። በ1971 አልቪን ኤይሊ ለዳንስ ቡድኑ አዘጋጀው። በ1975 ኒው ዮርክ ቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል ውስጥ ተቀደሰበት። ለእኛ ጆሮ ቅዳሴ በድራምና በባስ ይከብዳል፤ መጀመሪያ ስሰማው እኔም ተቁነጥንጫለሁ። የእሷ ሐሳብ ግን ግልጽ ነው። ጃዝ ከባሮች መዝሙር የተወለደ ስለሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያን መግባቱ ወደ ቤቱ መመለስ ነው ትላለች።

በ1977 ከፒያኒስቱ ሴሲል ቴይለር ጋር ካርኔጊ ሆል ውስጥ በሁለት ፒያኖ ተገናኙ። ቴይለር ዜማም ምትም የማይገድበው ሰው ነው። የ66 ዓመት ሴት እሱ ጋር መቀመጥ በራሱ ድፍረት ነው። ቅጂውን ሰምቼዋለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ የሚያወራ ነው የሚመስለው። እሷ ብሉዝ ልታስይዘው ትሞክራለች፤ እሱ ያመልጣታል። አልተሳካም። ግን በሳምንቱም በዓመቱም የሚያወራ ሰው አልጠፋም።

በዚያው ዓመት ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ተቀጠረች። እዚያው ደርሃም ከተማ ሜይ 28 ቀን 1981 በካንሰር ሞተች። 71 ዓመቷ ነበር። የተቀበረችው ፒትስበርግ ነው።

አሁን ከየት ትጀምሪ ለሚለው።

«ዎኪን ኤንድ ስዊንጊን»ን መጀመሪያ። አምስቴ ስሚው፤ በአምስተኛው ሶሎውን ትተሽ ከኋላ ያለውን ብቻ ተከተዪ። ቀጥሎ ከ«ዞዲያክ ስዊት» የ1945ቱን የሦስት ሰው ቅጂ፤ የኦርኬስትራውን ለኋላ አቆዪው። ከዚያ «ብላክ ክራይስት ኦፍ ዘ አንዲስ»።

መጨረሻ ላይ በ1978 ስዊዘርላንድ፣ ሞንትሮ ላይ ብቻዋን የተጫወተችው አለ። ባስ የለም፣ ድራም የለም። መንፈሳዊ መዝሙር፣ ራግታይም፣ ብሉዝ፣ ቡጊ እያለች የጃዝን ታሪክ በአንድ መቀመጫ ትሄድበታለች። ስታደምጪው ቀኝ እጇን እርሺው። እሱ ያታልልሻል። ግራ እጇን ብቻ ያዢ። ስትራይድ በሚባለው የግራ እጅ አጨዋወት ላይ አንደኛውንና ሦስተኛውን ምት ባስ ትመታለች፤ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ወደ መሃል ዘልላ ኮርድ ትጥላለች። እጁ አይሳሳትም፣ አይቸኩልም። ወጣት ፒያኒስቶች ግራ እጃቸውን እየተዉት መምጣታቸውን ትጠላ ነበር።

እቤትሽ ስትገቢ ቀላል የ12 ባር ብሉዝ በኤፍ ያዢ። ለአንድ ሳምንት በግራ እጅሽ ብቻ ተጫወቺው። ቀኝ እጅሽን እግርሽ ላይ አስቀምጪው። ወይ ደግሞ እርሳስ አስይዢው።